በዋልካ ላይ የቆመች የእንጨት ቤተ ክርስቲያን፦ የፕሬሪቪሏ ቅዱስ እንድርያስ

ክቡራትና ክቡራን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የዛሬው ንግግር ስለ አንዲት ትንሽ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ነው። በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ በሄል ካውንቲ (ካውንቲ በግዛት ሥር ያለ የአስተዳደር ወረዳ ነው)፣ ፕሬሪቪል በምትባል የገጠር መንደር ያለች፣ በቅዱስ እንድርያስ ስም የተሰየመች የኤጲስኮፓል ቤተ ክርስቲያን ናት። የተሠራችው በ1853 እና በ1854 ነው፤ ዛሬ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሄል ካውንቲ ራሱ የተቋቋመው በ1867 በመሆኑ ቤተ ክርስቲያኗ ካውንቲውን በዕድሜ ትበልጠዋለች። በ1973 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለታሪካዊ ሕንፃዎች ከሚሰጠው ማዕረግ ከፍተኛውን ሰጥቷታል።

ለሚያያት ሰው ለዚህ ሁሉ ክብር የምትበቃ አትመስልም። ሾጣጣ ጣሪያ፣ ቀጥ ብለው የቆሙ ሳንቃዎች፣ ጠባብና ጫፋቸው የሾለ መስኮቶች፤ በቃ። ታዲያ ከሺህ መሰሎቿ የሚለያት ምንድን ነው? አንዱና ዋናው፣ የሠሯት አናጢዎች ስም መታወቁ ነው። ፒተር ሊ እና ጆ ግላስጎ ይባላሉ። ሁለቱም ሄንሪ ቴይሎ የተባለ የጥጥ እርሻ ጌታ በባርነት የያዛቸው ዋና አናጢዎች ነበሩ። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች በባሪያ እጅ ያልተሠራ የዚያ ዘመን ሕንፃ ማግኘት ይከብዳል፤ የሠሪዎቹ ስም ተመዝግቦ የቀረው ግን በጣም ጥቂት ነው። የሰበካ መዝገቦች ሳንቃውን ማን እንደገዛ ይነግሩናል፣ ማን እንደላገው ዝም ይላሉ። ስለዚህ የዚህች ቤት ታሪክ ከወረቀቱ ይልቅ በእንጨቱ ላይ ተጽፏል ብለን ነው የምንነሣው፤ ንግግሩም ቀስ በቀስ ከወረቀት ወደ እንጨት ይወርዳል።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ። «ኤጲስኮፓል» ለእኛ ጆሮ እንግዳ ቃል አይደለም። ኤጲስ ቆጶስ ከምንለው ከዚያው የግሪክ ቃል የመጣ ነው፤ በኤጲስ ቆጶሳት የምትመራ ማለት ነው። አመጣጧ ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ነው። አሜሪካ ከእንግሊዝ በጦርነት ስትለይ በቅኝ ግዛቶቹ የነበሩት ምእመናን አንድም ጳጳስ አልነበራቸውም። ለጵጵስና ወደ ለንደን የሄደ ሰው ደግሞ ለእንግሊዝ ንጉሥ ታማኝነቱን መማል ነበረበት፤ ነፃ የወጣ አገር ሰው ይህን እንዴት ያደርጋል? ስለዚህ ሳሙኤል ሲበሪ የተባሉት የኮነቲከት ቄስ ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው በ1784 በአበርዲን ከተማ ከስኮትላንድ ኤጲስ ቆጶሳት ማዕረጉን ተቀበሉ። ጳጳስ ከባሕር ማዶ መጠበቅ ምን እንደሚመስል ለኢትዮጵያውያን ማስረዳት አያስፈልግም። በ1789 ደግሞ በፊላዴልፊያ ጉባኤ ቤተ ክርስቲያኗ የራሷን ሕገ ደንብና የጸሎት መጽሐፍ አጸደቀች። በዚያ መጽሐፍ ለንጉሡ ይደረግ የነበረው ጸሎት ለፕሬዚዳንቱ ተለወጠ። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ አላባማ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ያዘጋው ይኸው ጸሎት ነው።

ወደ ሕንፃው ስንመጣ፣ በ1830ዎቹ በኦክስፎርድ፣ ከ1839 ጀምሮ ደግሞ በካምብሪጅ የተነሡ የእንግሊዝ ምሁራንና ካህናት ወደ ጥንቱ ሥርዓት እንመለስ ማለት ጀምረው ነበር። የካምብሪጆቹ ትኩረታቸው ሕንፃው ላይ ነበር። የስብከት አዳራሽ የመሰለ ቤት ለቅዳሴ አይሆንም፣ መሠዊያው በምሥራቅ ይሁን፣ የካህናቱ ስፍራ ከሕዝቡ ስፍራ በግልጽ ይለይ፣ ጣሪያው ይሹል፣ እንጨቱም ድንጋይ መስሎ አይቀባ አሉ። ቅኔ ማሕሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ብሎ ለሚከፍል ሰው ይህ ሁሉ የተለመደ ነገር ነው። ለአሜሪካ ገጠር ግን ትልቅ ለውጥ ነበር፤ ከዚያ በፊት ብዙዎቹ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት አራት ማዕዘን ክፍል ከመሆን አያልፉም ነበርና።

ይህን ሐሳብ ወደ ገጠር ያደረሰው ሪቻርድ አፕጆን ነው። በ1802 በእንግሊዝ ሻፍትስበሪ የተወለደ፣ ሞያው የቤት ዕቃ አናጢነት የነበረ፣ በ1829 ወደ አሜሪካ የተሰደደ ሰው ነው። በ1846 የተመረቀችውን የኒው ዮርክን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ከሠራ በኋላ ስሙ ገነነ፤ በ1857 የአሜሪካ አርክቴክቶች ማኅበር ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። ከየገጠሩ «ፕላን ላክልን» የሚሉ ደብዳቤዎች ሲበዙበት በ1852 ለገጠር ሕንፃዎች የሚሆን የንድፍ መጽሐፍ አሳተመ። በውስጡ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን፣ ትንሽ ጸሎት ቤት፣ የቄስ መኖሪያና ትምህርት ቤት ንድፎች ከነሥራ ዝርዝራቸው አሉ። አርክቴክት መቅጠር የማይችል ሰበካ መጽሐፉን ገዝቶ ለአካባቢው አናጢ ይሰጠዋል፤ አናጢው እያየ ይሠራል። የፕሬሪቪሏ ቅዱስ እንድርያስ በዚህ መጽሐፍ መንገድ የተሠራች ናት፤ ሥራዋም የተጀመረው መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሕግ ማስታወስ ግድ ነው። አላባማ በ1832 ባወጣችው ሕግ ባሪያም ሆነ ነፃ የሆነ ጥቁር ሰው ፊደል ማስቆጠር፣ ማንበብና መጻፍ ማስተማር ወንጀል ነበር፤ ቅጣቱም ከ250 እስከ 500 ዶላር ይደርስ ነበር። እንግዲህ በመጽሐፍ የሚሠራ ሕንፃ መጽሐፍ ለተከለከሉ ሰዎች ተሰጠ ማለት ነው። ሊ እና ግላስጎ ይህን እንዴት ተወጡት? መልሱ አናጢነቱ ውስጥ ነው። የአፕጆን ንድፍ ልብ የሆነው ነገር ጂኦሜትሪ ነው፤ ጂኦሜትሪ ደግሞ በገመድና በሚስማር ይሠራል።

መስኮቱን እንውሰድ። የመስኮቱ ስፋት 60 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ቅስቱ በሚጀምርባቸው ሁለት ነጥቦች ላይ ሚስማር ትመታላችሁ። ገመዱን ከአንዱ ሚስማር አስራችሁ እስከ ሌላው ትለኩና ወደ ላይ ትስሉበታላችሁ፤ ከሌላውም እንዲሁ። ሁለቱ ቅስቶች የሚገናኙበት ጫፍ 52 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ይበልጥ ይሹል ከተባለ ገመዱን ማስረዘም ነው፤ ሚስማሮቹን በያሉበት አቅጣጫ 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ አውጥታችሁ ገመዱን 90 ብታደርጉት ጫፉ ወደ 67 ይወጣል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ወለል ላይ በተዘረጋ ሳንቃ ላይ፣ በሙሉ ልኩ ነው። ጣሪያውም እንደዚሁ ነው። ስድስት ሜትር ስፋት ላለው ቤት በ60 ዲግሪ የሚሾል ጣሪያ ብትፈልጉ እያንዳንዱ ያጋደለ እንጨት ልክ ስድስት ሜትር ይሆናል፤ ሦስቱም ጎን እኩል ነውና። አናጢው አንዱን እንጨት በቤቱ ወርድ ለክቶ ይቆርጣል፣ ቁጥር መጻፍ አያሻውም።

አሁን ወደ ግድግዳው። ሳንቃዎቹ አግድም ሳይሆን ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ በሁለት ሳንቃ መገናኛ ላይ ጠባብ መሸፈኛ ዘንግ ይመታል። ከውጭ ሲታይ ግድግዳው ሁሉ ወደ ላይ የሚሮጥ መስመር ይሆናል፤ ዓይንን ወደ ሰማይ ይመራል ተብሎ የተወደደውም ለዚህ ነው። ከኋላው ያለው አሠራር ለእኛ አገር ሰው የሚገባ ነው፤ ቋሚና ማገር ነው። ቋሚዎቹ ከግርጌ አግዳሚው ግንድ ላይ ይነሣሉ፣ ማገሮቹ በየ60 ሴንቲ ሜትሩ ገደማ አግድም ያልፋሉ፣ ሳንቃው ማገሩ ላይ ይመታል።

ቀላል ይመስላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ሚስማሩ ላይ ነው። እንጨት በቁመቱ እምብዛም አያጥርም፤ በወርዱ ግን ሲደርቅ ይሸማቀቃል፣ ሲርስ ይነፋል። ገና እርጥብ ሆኖ የተመታ 30 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ሳንቃ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ አንድ ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ሊያጥር ይችላል። ስለዚህ ሳንቃው በመሐሉ ላይ ብቻ በአንድ ረድፍ ሚስማር ይያዝና ግራና ቀኙ እንደልቡ ይተንፍስ። በሳንቃና በሳንቃ መካከል ከግማሽ ሴንቲ ሜትር እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተዋል። የመሸፈኛው ዘንግ ሚስማር በዚያ ክፍተት አልፎ ማገሩን ይይዛል እንጂ ሳንቃውን አይነካም። ዘንጉ በየጎኑ ቢያንስ ሁለት ሴንቲ ሜትር መደረብ አለበት፤ ያነሰ ከሆነ ሳንቃው ባጠረ ጊዜ ብርሃን ይታያል። አንድ ሰው «ይጠንክር» ብሎ ዘንጉን ከሁለቱም ሳንቃዎች ጋር ቢቸነክረው በመጀመሪያው ደረቅ ወቅት ሳንቃው በርዝመቱ ይሰነጠቃል። በአሮጌ ቤት ላይ ከላይ እስከ ታች የሮጠ ስንጥቅ ስታዩ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእንጨቱ ሳይሆን በኋላ ዘመን የመጣ ጠጋኝ ሚስማር ነው።

ቅዱስ እንድርያስ በጎኖቿ የእንጨት ደጋፊዎች አሏት። በድንጋይ ቤት ደጋፊ የሚሠራው በክብደቱ ነው፤ የጣሪያውን ግፊት ተቋቁሞ ይቆማል። እንጨት ያ ክብደት የለውም። የሚያገለግለው ከቋሚው ጋር ተጠምዶ እንደ ምርኩዝ ሲሆን፣ እግሩም መሬት ላይ ሲያዝ ብቻ ነው። ችግሩ የደጋፊው ራስ ያጋደለ ስለሆነ ዝናብ ይቀበላል፣ እግሩ ደግሞ ለመሬት ከሁሉ የቀረበ ነው። በእንደዚህ ያሉ ቤቶች መጀመሪያ የሚበሰብሰው እሱ ነው። ራሱ በቆርቆሮ ወይም በእርሳስ ካልተከደነ ሁለት ሰው ዕድሜ አይቆይም።

የውስጡ ግድግዳ ቀለም የብዙ ጎብኚዎች መነጋገሪያ ነው። ከትንባሆ ግንድ በተቀቀለ ውሃ የተቀባ ነው ተብሎ በአካባቢው ሲነገር ኖሯል። ሞቅ ያለ ቡናማ ነው፤ እንጨቱን ያሳያል እንጂ አይሸፍንም። እንጨት እንጨት መስሎ ይታይ ለሚለው ትምህርት ከዚህ የተሻለ ቀለም አይገኝም።

ታሪኩን ደግሞ እንቀጥል። ቤተ ክርስቲያኗ የቆመችበት ምድር በእንግሊዝኛው «ጥቁሩ ቀበቶ» ይባላል፤ ስሙ በመጀመሪያ የመጣው ከአፈሩ ጥቁረት ነው። የእኛ ሰው ቢያየው ወዲያው ዋልካ ይለዋል። ለጥጥ የተመቸ በመሆኑ ከ1830ዎቹ ጀምሮ ከቨርጂኒያና ከካሮላይናዎች ባለመሬቶች ባሪያዎቻቸውን ይዘው ጎረፉበት። የቴይሎ ቤተሰብ ብቻ ቨርጂኒያ ውስጥ ማውንት ኤሪ ከተባለው ርስቱ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎችን ወደ አላባማ አዛውሯል፤ ከእናት የተለየ ልጅ፣ ከሚስት የተለየ ባል አለበት። ጌቶቹ በቨርጂኒያ የለመዱትን የጸሎት ሥርዓት ይዘው ስለመጡ በጥጥ ማሳ መካከል የኤጲስኮፓል ሰበካዎች በቀሉ። የቅዱስ እንድርያስ ቅዳሴ ቤት በ1858 በኤጲስ ቆጶስ ኒኮላስ ኮብስ ቡራኬ ተከበረ። ኮብስ የአላባማ የመጀመሪያው ጳጳስ ናቸው። ግዛቲቱ ከአሜሪካ ኅብረት መገንጠሏን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር፤ ያረፉትም ጃንዋሪ 11 ቀን 1861፣ አላባማ መገንጠሏን ባወጀችበት በዚያው ዕለት ነው።

ከእርሳቸው በኋላ የተሾሙት ሪቻርድ ዊልመር ናቸው። የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች በእርስ በርሱ ጦርነት ከተሸነፉ በኋላ በ1865 ያ ቀደም ሲል ያዙልኝ ያልኳችሁ ጸሎት ጣጣ አመጣ። ዊልመር «በወታደር አገዛዝ ሥር ሳለን ለአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሚደረገውን ጸሎት ካህናት መጸለይ የለባቸውም» የሚል መመሪያ ሰጡ። በመስከረም ወር ጄኔራል ቻርልስ ዉድስ ጳጳሱንና ካህናቱን ሁሉ ከአገልግሎት አገዱ፤ በአላባማ ያሉ የኤጲስኮፓል አብያተ ክርስቲያናትም እንዲዘጉ አዘዙ። ትእዛዙ የተሻረው በ1866 መጀመሪያ፣ ከዋሽንግተን በመጣ ውሳኔ ነው።

በዚያው 1865 መጨረሻ ባርነት በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ቀረ። ነፃ የወጡት አብዛኞቹ ምእመናን ጌቶቻቸው ያስቀምጧቸው ከነበረበት ወንበር ተነሥተው የራሳቸውን የባፕቲስትና የሜቶዲስት ጉባኤያት አቋቋሙ። በ1910 ገደማ ደግሞ የጥጥ ነቀዝ አላባማ ገባ፤ ሕዝቡም ወደ ሰሜን ከተሞች ፈለሰ። የገጠር ሰበካዎች ሳሱ። ይህ የብዙዎቹ ታሪክ በመሆኑ አናበዛበትም።

ከዚህ ይልቅ አንዲት እኅት ቤተ ክርስቲያን ልጥቀስ፤ የእንጨት ሕንፃ ምን ማድረግ እንደሚችል ታሳየናለች። ካሃባ የተባለችው ከተማ ከ1820 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት የአላባማ ዋና ከተማ ነበረች። በ1854 የቅዱስ ሉቃስ ቤተ ክርስቲያን በዚሁ በአፕጆን መንገድ ተሠራባት። በ1865 ጎርፍ መታት፣ በ1866 የካውንቲው መቀመጫ ወደ ሰልማ ተዛወረ፣ ከተማዋ ባዶ ሆነች። ሰዎቹ በ1878 ቤተ ክርስቲያኗን ፈታተው ማርቲንስ ስቴሽን ወደተባለ ቦታ ወስደው መልሰው ተከሏት። በኋላ ለብዙ ዓመታት የጥቁሮች የባፕቲስት ጉባኤ ጸለየባት፤ ጠብቆ ያቆያትም ያ ጉባኤ ነው። በ2006 እና በ2007 አካባቢ የኦበርን ዩኒቨርሲቲ የገጠር ስቱዲዮ ተማሪዎች እንደገና ፈተው ወደ ካሃባ መለሷት። ያ ስቱዲዮ በ1993 የተመሠረተው እዚያው ሄል ካውንቲ፣ ኒውበርን በምትባል መንደር ነው።

አንድን ሕንፃ ሁለት ጊዜ ፈትቶ መትከል የሚቻለው በመገጣጠሚያው ምክንያት ነው። ዋናዎቹ ግንዶች የአንዱ ጫፍ እንደ ምላስ ተቀርጾ በሌላው ላይ በመሮ በተፈለፈለው ቀዳዳ ይገባና በእንጨት ችንካር ይያዛል። ችንካሩ ከተመታ ይወጣል። የሚፈታ ሰው ግን ሥርዓት አለው። መጀመሪያ እያንዳንዱ እንጨት ቁጥርና አቅጣጫ ይጻፍበታል፤ «ሰሜን፣ ሦስተኛ ቋሚ፣ ፊቱ ወደ ውስጥ» ተብሎ። ጽሑፉ ቀለም ላይ ሳይሆን በቆርቆሮ ቁራጭ ላይ ተመትቶ ይንጠልጠል፤ ጠመኔ በአንድ ዝናብ ይጠፋል። ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ይለካል። ከዚያ የጣሪያ ክዳን፣ ከዚያ መሸፈኛ ዘንግና ሳንቃ፣ ከዚያ የጣሪያው እንጨት፣ በመጨረሻ ቋሚና ማገር ይወርዳል። ማገሩ ከሳንቃው በፊት ከተነካ ግድግዳው ይጣመማል።

እንጨቱን ማንበብም ትምህርት ነው። ባትሪ ይዛችሁ ብርሃኑን ከጎን፣ ግድግዳውን እያሻሸ እንዲሄድ አድርጉት። ቀጥ ያሉ እኩል ጭረቶች ካያችሁ እንጨቱ ወደ ላይና ወደ ታች በሚሄድ መጋዝ ተሰንጥቋል፤ የጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ጭረቶች የክብ መጋዝ ናቸው፤ ጎድጎድ ያሉ ሰፋፊ ጠባሳዎች የመጥረቢያ ናቸው። ሚስማሩም ዕድሜ ይናገራል። ጭንቅላቱና ግንዱ አራት ማዕዘን የሆነ ከሆነ ከብረት ሰሌዳ የተቆረጠ የጥንት ሚስማር ነው፤ ድቡልቡል የሽቦ ሚስማር የተስፋፋው ከ1890ዎቹ ወዲህ በመሆኑ እሱን ያገኛችሁበት ቦታ ላይ በኋላ የተጠገነ ነገር አለ።

አሁን ስለ ጥበቃው። እዚህ ላይ ብንቆይ ይፈቀድልን፤ ብዙ ቤት የሚጠፋው በእሳት ሳይሆን በውሃ ነውና። እንጨት ውስጡ ያለው እርጥበት ከደረቅ ክብደቱ ከ20 በመቶ በታች እስከሆነ ድረስ አይበሰብስም። ባለ ሁለት መርፌ የእርጥበት መለኪያ ርካሽ ነው፤ ሰበካ ጉባኤው አንድ ቢይዝና በየሦስት ወሩ በዚያው ምልክት በተደረገበት ቦታ ቢለካ ከብዙ ወጪ ይድናል።

ውሃውን ከላይ ጀምራችሁ ተከተሉት። ሾጣጣ ጣሪያ ውሃን ፈጥኖ ስለሚያወርድ ጥሩ ነው፤ ግን ያ ፈጣን ውሃ አሸንዳ ከሌለ ግርጌው ላይ ይፈነጥቃል። ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ መሬት ነጥሮ ሳንቃውን ሲያረጥብ የሳንቃው ታችኛ ጫፍ እንደ ስፖንጅ ይጠጣል፤ እንጨት ከሁሉ ይልቅ ውሃ የሚጠጣው በተቆረጠው ጫፉ ነውና። ስለዚህ የሳንቃው ጫፍ ከመሬት ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ ውሃው እንዲንጠባጠብ በሰያፍ ይቆረጥ፣ ቀለም ሲቀባም ጫፉ በመጀመሪያ ሁለት ጊዜ ይቀባ።

የዘንጉን ጠርዝ በሲሊከን መድፈን ከሁሉ የከፋ ደግነት ነው። ውሃ እንዳይገባ ብለው ያደርጉታል፤ ግን ውሃው በሌላ ቀዳዳ ይገባና መውጫ ያጣል። ሁለት ሦስት ዓመት ሳይሞላ ቀለሙ ይነፋል፣ ከሥሩ እንጨቱ ይለሰልሳል። አሮጌውን ቀለም ስትፍቁም ተጠንቀቁ። አሜሪካ ውስጥ እርሳስ ያለበት ቀለም ለቤት የተከለከለው በ1978 ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባ ሁሉ እርሳስ አለበት ብላችሁ ያዙት። በደረቁ አትፈግፍጉ፣ በእሳት አታቃጥሉ፤ እያረጠቡ መፋቅ ነው። በአሸዋ ግፊት ማጽዳት ደግሞ የመላጊያውን ጠባሳ ሁሉ ይበላዋል።

ከዚያ ወደ ግርጌው አግዳሚ ግንድ። የሚመረመረው በወስፌ ነው። ጤነኛ እንጨት ወስፌውን ከጥቂት ሚሊ ሜትር በላይ አያስገባም፤ ሲወጣም ይነክሳል። ወስፌው ያለ ድምፅ እስከ እጀታው ከገባ ግንዱ አልቋል። በጡብ ምሰሶዎቹ ላይ የእርሳስ ብዕር ውፍረት ያለው የጭቃ ቱቦ ካያችሁ ምስጥ እየወጣ ነው፤ ቱቦውን ሰብራችሁ በሳምንቱ ተመለሱ፣ ከተጠገነ ምስጡ በሥራ ላይ ነው። የተበላውን የግንዱን ክፍል ብቻ ቆርጣችሁ ተመሳሳይ ዓይነት እንጨት በሰያፍ ቀጥሉበት፤ የሰያፉ ርዝመት የግንዱን ውፍረት ሦስት አራት እጥፍ ይሁን። ቤቱን በክሪክ የምታነሡ ከሆነ በቀን ከ3 ሚሊ ሜትር አትለፉ። ለ170 ዓመት ያጎነበሰ ቤት በአንድ ቀን ቀና በል ቢሉት መገጣጠሚያው ይሰበራል።

ዋልካው ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በክረምት ይነፋል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ የጡብ ምሰሶዎቹን እያነሣ ይጥላል። አንዱ ምሰሶ ሲነሣና ሌላው ሲወርድ በሩ አልዘጋ ይላል፣ የመስኮቱ ቅስት ይከፈታል። አዲስ አበባ ላይ ቤት የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። መድኃኒቱ የአፈሩ እርጥበት እንዳይዋዥቅ ማድረግ ነው። መሬቱ ከግድግዳው እስከ ሦስት ሜትር ድረስ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ይሂድ፤ ትልቅ ዛፍ ቁመቱን ያህል ርቆ ይተከል። ምሰሶው ከተሰነጠቀ በሲሚንቶ አትጠግኑት። የጥንቱ ጡብ ለስላሳ ነው፤ ሲሚንቶው ከጡቡ ስለሚጠነክር ምሰሶው ሲንቀሳቀስ የሚፈርሰው ጡቡ ይሆናል። አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ ተቀላቅሎ፣ አሮጌው ማያያዣ የመገጣጠሚያውን ስፋት ሁለት እጥፍ ያህል በጥልቀት ከተጠረገ በኋላ ይሞላል፤ እንዳይደርቅም ለጥቂት ቀን እርጥብ ጆንያ ይለብሳል።

በዚህ አዳራሽ ካላችሁት አንዳንዶቻችሁ ይህ የሚመለከታችሁ በቀጥታ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ጉባኤያት የሌላ ቤተ እምነት አሮጌ ሕንፃ ተከራይተው ወይም ገዝተው ይጸልያሉ። የእንጨት ሕንፃ ከሆነ ሦስት ነገር አስቡ። አንደኛ ወለሉ። ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚያስቀድስ ሕዝብ የተሠራ ወለል ሕዝቡ ቆሞ፣ በከበሮ እያሸበሸበ ሲነሣና ሲወርድ ሌላ ሸክም ነው የሚሸከመው፤ በአንድ ምት የሚወርድ እግር ከተቀመጠ ሰው ይከብዳል። ከመግዛታችሁ በፊት መሐንዲስ ከወለሉ ሥር ገብቶ ይይ። ሁለተኛ ምንጣፉ። ጫማ ስለምናወልቅ ወለሉን በምንጣፍ እንሸፍናለን፤ ጀርባው ጎማ የሆነ ምንጣፍ ከወለሉ ሥር የሚወጣውን እርጥበት ያፍናል፣ ሳንቃውም ከላይ ሳይታይ ይበሰብሳል። ጎማ የሌለው ምንጣፍ ምረጡ፣ በዓመት አንድ ጊዜ አንሥታችሁ አናፍሱት። ሦስተኛ የወለሉ ሥር ማናፈሻ። ብርድ ገባ ተብሎ በየጎኑ ያሉት ቀዳዳዎች የሚደፈኑበት ቤት ብዙ ነው፤ ከተደፈኑ ይከፈቱ።

የመጨረሻው ነጥብ የሚወጣውን እንጨት የሚመለከት ነው። የማይድን ሳንቃ ሲነሣ ወደ ቆሻሻ አይሂድ። ከየትኛው ግድግዳ፣ ከስንተኛው ማገር፣ በየትኛው ቀን እንደወጣ በቆርቆሮ ላይ ተጽፎ ይታሰርበት፤ ጤነኛው ክፍል ቢያንስ አንድ ክንድ ያህል ተቆርጦ በደረቅ ቦታ፣ ከወለል ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ፣ የመላጊያው ጠባሳ ያለበት ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ይቀመጥ። አዲሱ ሳንቃ ደግሞ በጀርባው፣ ማገሩን በሚነካበት ቦታ፣ የተተከለበት ዓመትና የአናጢው ሙሉ ስም ይጻፍበት።